ከወደቡ ወዲህ

ስክሪፕቱን አንብቤ ስጨርስ በክፍሉ ውስጥ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ፈርተው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለነገሩ የሚያስፈራ ታሪክ ነበር። በጣና ላይ ባለች ደሴት ገዳም ውስጥ፣ ከሞተ የቆየ ዲያቆን በየማለዳው እየመጣ የድንጋዩን ደወል ይመታል፤ ደወሉን የሰማ እንግዳ ደግሞ የመጣበት መንገድ ይጠፋበታል። የመመረቂያ ፊልማችን ነው። ጸሐፊዋም ዳይሬክተሯም እኔ ወንጌላዊት ነኝ።

አማካሪያችን መምህር ምናሴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ይህን ሲያደርጉ ጥሩ ነገር ተከትሎ አያውቅም።

«ታሪኩ ጥሩ ነው» አሉ። «ቦታውን ማን ነው ሄዶ የሚያየው?»

«እኔ ነኛ» አልኩ። «ዳይሬክተሯ እኔ አይደለሁ?»

ካሜራ የሚይዝልን ቢያዝን ወደ ጣሪያው አየ። ድምፅ የምትቀርጽልን ሊድያ ደግሞ ወደ ቢያዝን አየች። መምህር ምናሴ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ሴት ወደማይገባበት ገዳም እንዴት አድርገሽ ልትገቢ ነው?»

ፍረዱኝ እንግዲህ። ሴት እንደማይገባበት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ከጡት ጋር የጠጣሁት ነገር ነው። አባቴ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ እዚያው ደሴት ላይ ዜማ ያስተምራሉ። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው፤ እሳቸው የሚመጡት ለበዓል ለበዓል ነው። በመጡ ቁጥር እኔ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጬ የዚያን ቦታ ወሬ እሰማለሁ፦ በር ላይ ስላዘመመው ወይራ፣ ሲረግጡት ባዶ ድምፅ ስለሚሰጠው ደረጃ፣ የደወሉ ድንጋይ የትኛው ጎኑ እንደተበላ። ሳድግ ሁሉን በሐሳቤ እየዞርኩ ስለኖርኩ፣ ስጽፍ ያልረገጥኩት ቦታ መሆኑ ትዝ አላለኝም። የባሰው ደግሞ፣ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ሄዶ ያየው ቢያዝን «ወይራው በቀኝ ነው» ቢለኝ፣ «በግራ ነው፣ አታውቀውም» ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስከራከረው ነበር። እሱ የሄደበትን፣ እኔ ያልሄድኩበትን።

መምህር ምናሴ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«ዳይሬክተር ማለት ቦታው ላይ የሚቆም ሰው ነው» አሉ። «ወይ ይህን ፊልም ለቢያዝን ትለቂያለሽ፤ ወይ እስከ ሰኞ አንቺ ራስሽ ልትቆሚበት የምትችዪ ፊልም ይዘሽልኝ ትመጫለሽ።»

ከክፍሉ ስወጣ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ጠባዬ ነው፤ እናቴ «የበርበሬ ፍሬ» ትለኛለች። ቢያዝን ከኋላዬ እየሮጠ ደረሰብኝ። ይህ ልጅ ቤቱ ቢቃጠል «ችግር የለም» የሚል ፍጥረት ነው።

«ችግር የለም» አለ። «እኔ ስልክ ይዤ እገባለሁ። አንቺ ጀልባ ላይ ሆነሽ በቪዲዮ እያየሽ ታዥኛለሽ።»

«እዚያ ኔትወርክ የለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ነግረውኝ።»

ተከትላን የወጣችው ሊድያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወላጆቿ ለፋብሪካ ሥራ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው፤ ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ አነጋገሯ ግን ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ አበባ ልጆች ነው። «ሼም ነው እኮ» አለች። «ሎኬሽኑን በአባትሽ ዓይን ነው ያየሽው። ለምን ሴት የሚገባበት ቤተ ክርስቲያን ፈልገን አንቀርጽም? ዳር ዳሩን ሞልቷል።»

ትክክል ነበረች፤ ስለዚህም ተናደድኩባት። እኔ የምፈልገው ያንን ቦታ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ደጅ መቆም የምችልበት ሌላ መንገድ ስለሌለ ይመስለኛል የጻፍኩት። አሁን እሱንም ለቢያዝን ስጪ ተባልኩ። ቢያዝን ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሸጊቱ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስትጮህ ስለምትውል ቤት ስትገባ ቀስ ብላ ነው የምትናገር። ሰምታኝ ስትጨርስ የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ጉድ እኮ ነው። እኔ ስንቅ ተሸክሜ ስመላለስ የኖርሁት ከወደቡ አልፌ አላውቅም። አንቺ ከአልጋሽ ሳትወርጂ ገብተሽ ወጣሽ።»

«እማዬ፣ አትሳቂ። ፊልሜን ሊወስዱብኝ ነው።»

ሳቋን አቆመች። «ቅዳሜ ለአባትሽ በሶና የታጠበ ልብስ አደርሳለሁ። ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይ። ወንዱ ልጅ ይግባና ይይ፤ እኛ ወደቡ ላይ እንቀመጣለን።»

«ወደቡ ላይ ተቀምጠን ምን እንሠራለን?»

«እንጠብቃለን እንጂ ሌላ ምን እንሠራለን» አለች፤ ልብሱን ማጠፍ ቀጠለች።

ቅዳሜ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሣን። ቢያዝን ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ሊድያ ማይኩን በፌስታል ጠቅልላ፣ እናቴ ስንቁን እግሯ ሥር አድርጋ። ውኃው ለጥ ብሎ ነበር። ዓሣ አጥማጆች በታንኳቸው ላይ ቆመው እጃቸውን አነሡልን። እኔ ለማንም አልመለስኩም፤ አኩርፌ ነበር።

ደሴቲቱን ስሟን አልጽፍም፤ አባቴ «በጨዋታችሁ አታንሷት» ብለውኛል። ወደቡ ወደብ የሚባል አይደለም፤ ጀልባ የሚታሰርበት ግንድ፣ አንድ ትልቅ ሾላና ከሥሩ የተቀመጡ ድንጋዮች ናቸው። ከዚያ ቀጭን መንገድ ወደ ጫካው ይገባና ጥቂት ሄዶ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው ወዲያ የሚታይ የለም። ቢያዝን ከባለ ጀልባው ጋር ስንቁን ተሸክሞ ገባ። ሲታጠፍ ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ከዚያ ቅጠል ብቻ ቀረ።

እናቴ አንዱን ድንጋይ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ተቀመጠች። አልመረጠችም፤ ቀጥ ብላ ነው የሄደችበት። ድንጋዩ መሀሉ ለስልሷል።

«ይህ ያንቺ ነው እንዴ?» አልኳት።

«የእኔም ነው፤ ከእኔ በፊት ለሚጠብቁትም ነበር። መነኩሴ ወንድም ያላት አለች፤ ልጇን ለትምህርት የሰጠች አለች። ሁሉም እዚህ ነው የሚቀመጥ።» እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። «መጀመሪያ ሰሞን በጣም እፈራ ነበር። ሰውሽ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አታውቂም። ጫካው ዝም ብሎ ያይሻል። አንድ ቀን አባትሽ ዘገዩ፤ ሞተዋል ብዬ አልቅሼ አልቅሼ ጨረስሁ። ቆሎ እየቆረጠሙ መጡ።»

ሊድያ ሳቀች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ሊድያ ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ማይኩን ወደ ውኃው ዘረጋች። «ለማንኛውም የውኃ ድምፅ ልያዝ» አለች።

ቢያዝን ቆየ። ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ በኩል ደመና መጣና ውኃው ግራጫ ሆነ፤ ነፋስ ተነሣ። ወፎቹ ከሾላው ላይ በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው ሄዱ። ቀን ነው፣ ፀሐይዋ ከደመናው በላይ አለች፣ እናቴ አጠገቤ ናት፤ ቢሆንም ወደ እሷ ጠጋ አልኩ። ያን ጊዜ ከዛፎቹ ውስጥ፣ ረጅምና ዜማ ያለው ድምፅ መጣ።

«ወለተ…»

ቀሪውን እዚህ አልጽፈውም። የክርስትና ስሜ ነው። የክርስትና ስም ለሁሉ አይሰጥም፤ ክፉ ሰው ከያዘው ያስደግምበታል ይባላል። የኔን የሚያውቁት አባትና እናቴ፣ ክርስትና እናቴና ንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው። ሊድያ እንኳ ኮሌጅ ከገባን ጀምሮ አብራኝ ብትማርም አታውቀውም፤ ወለተ ብሎ የሚጀምር እንደ አሸዋ ስለሆነ መገመትም አይቻልም። አሁን ግን ማንነቱ የማይታይ ነገር ከጫካ ውስጥ ሙሉውን ጠራው።

ተነሥቼ አፌን ስከፍት እናቴ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

«ዝም በይ።»

«እማዬ፣ እኔን እኮ ነው።»

«ውኃ ዳር ጠሪውን ሳታዪ ሦስቴ እስኪጠራሽ አቤት አይባልም። ክፉ ነገር ሁለቴ እንጂ ሦስቴ አይጠራም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እናቴ ናት ያለችኝ። ዝም በይ አልሁሽ።»

እኔ ኮሌጅ ልጨርስ የደረስኩ ሰው ነኝ። የሚያስፈራ ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ ፈተና ወስጄበታለሁ። ዝም አልኩ። ድምፁ ሁለተኛ መጣ፤ ነፋሱ ስላዞረው በሌላ በኩል መሰለኝ። ሊድያ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ አንሥታ አየችኝ። ሦስተኛውን ጠበቅን። እንዲመጣም እንዳይመጣም እፈልግ ነበር። አልመጣም። ነፋሱ ብቻ ቅጠሉን ያንቀሳቅሳል። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ በፍርሃቱ መሀል ግን አንድ ነገር በራልኝ። እኔ ፍርሃቱን ስፈልግ የነበረው ከጫካው ወዲያ፣ ደወሉ ዘንድ ነው። ፍርሃቱ ግን ወዲህ ነበር፤ እናቴ ስትቀመጥበት በኖረችው ድንጋይ ላይ።

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸና አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ከኋላቸው ቢያዝን ትልቅ ዳቦ ይዞ ይከተላል።

«ምነው ስጠራ ዝም አላችሁ?» አሉ አባቴ።

«አንቱ ሁለቴ ጠርተው ተዉት እኮ» አለች እናቴ። አንጓዬን ገና አለቀቀችም።

አባቴ ሳቅ አሉ። «ከተጋባን ጀምሮ ሦስት ሦስት ጊዜ ታስጠራኛለች። ዛሬ ደግሞ ለልጅቱ አወረሰቻት።»

ቢያዝን ፊቱ ጥሩ አልነበረም። አበምኔቱ በደንብ ተቀብለውታል፣ አብልተውታል። ፊልሙን ሲነግራቸው ግን «ሙት እያስመሰሉ መጫወት በዚህ ደጅ አይሆንም፤ ከወደቡ ወዲያ መሣሪያህ ከቦርሳው አይውጣ» አሉት። ስለዚህ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ተዘጋ። ሰው ጓደኛው ላይ በር ሲዘጋ ደስ ሊለው አይገባም፤ ትንሽ ደስ አለኝ።

«ወይራው ግን በቀኝ ነው» አለኝ።

«ስትገባ በቀኝ ነው፤ ስትወጣ በግራ ነው» አሉ አባቴ። እኔ ለካ ደጁን ሁሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የማውቀው፤ በሚወጣ ሰው ዓይን።

ሌላም የከነከነኝ ነገር ነበር። «አባባ፣ ቤት ወንጌላዊት ነው የሚሉኝ። ለምን በክርስትና ስሜ ጠሩኝ?»

አባቴ ጥያቄው የገረማቸው መሰሉ። «እዚህ ሌላ ስም የለሽም እኮ። ጧትና ማታ በጸሎት የማነሣሽ በሱ ነው። የመጣሽው አንቺ ነሽ ሲሉኝ አፌ የለመደውን ጠራሁ።» ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ መንገዱ ዘርግተው፣ «እግርሽ ባይገባም ስምሽ ከዚህ ወጥቶ አያውቅም» አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ የቋጠርኩት ቁጣ ያኔ ፈረሰ። እንባዬ መጣ። ሊድያ ስታየኝ ነፋሱ ነው አልኳት፤ ማይክ ይዛ የቆመች ልጅ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነፍስ ታውቃለች።

እዚያው ቆሜ አዲሱን ፊልም ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ወደቡ ላይ ትጠብቃለች። ሰውዋ ገብቷል። ይቆያል። ማንም የማያውቀው ስሟ ከዛፎቹ ውስጥ ይጠራል፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ይመጣ እንደሆነ አታውቅም። ካሜራው ከሾላው አንድ እርምጃ አያልፍም። ሙት የለም፤ ደወልም የለም። «ድምፁን ደግሞ አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑልኝ» አልኩ፤ ያለዚያ ድምፅ ፊልሙ ፊልም አይሆንም።

አባቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በክርስትና ስም ጨዋታ የለም» አሉ። «የሌለች ሴት ፈጥሬ አልጠራም። የሰውንም ልጅ ስም ለመዝናኛ አላወጣም።»

«የእኔን ይጥሩ። እኔ አለሁ፤ ልጅዎ ነኝ።»

«ስምሽን አገር ሊሰማው?» አለች እናቴ። «እኔ ቁሜ አይሆንም።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ልክ ከሆኑ ሁለት ወላጆች ጋር መከራከር እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። አባቴ «ላስብበት» አሉ። አባቴ ላስብበት ካሉ እስከሚቀጥለው በዓል ማለት ነው። ባለ ጀልባው ማዕበል ሳይመጣ እንሂድ አለ። የአባቴን ጉልበት ስሜ ጀልባው ውስጥ ገባሁና ጀርባዬን ለደሴቲቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሰኞን አሰብኩ፤ ፊልሙን ለቢያዝን የምሰጥበትን ቃል እንኳ በልቤ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ሞተሩ ገና አልተነሣም፤ ባለ ጀልባው በመቅዘፊያ ከወደቡ እየገፋን ነበር። ከኋላችን፣ ከሾላው ሥር፣ ያ ድምፅ መጣ። ረጅም ነው፤ ዜማ አለው፤ ስሜን እስከ መጨረሻው ይዞታል።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ፈገግ ብላ ነበር።

«ይኸው ሦስተኛው» አለች። «መልሳቸው ነው። አቤት በይ እንግዲህ።»

«አቤት» አልኩ። አባቴ መቋሚያቸውን አነሡልኝ። ሊድያ ማዳመጫዋ ከጆሮዋ አልወረደም ነበር፤ ከመነሻው ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይዛዋለች።

እሑድ እዚያው ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር በሚገኘው የሊድያ ክፍል ተሰበሰብን። የቀረው የእናቴ ጉዳይ ነበር። አባቴ ጠርተዋል፤ ስሜ ግን ለአደባባይ አይወጣም፤ እኔም ቢሆን ልቤ አይፈቅድም። ቢያዝን «ችግር የለም» አለና እንዴት እንደሆነ ሲጠየቅ ካሜራውን መጥረግ ጀመረ። መፍትሔው የመጣው ከሊድያ ነው። «ወለተ»ን እንዳለ ተወችው፤ ከዚያ የሚቀጥለው ላይ ሲደርስ የወደቡን ነፋስ አነሣችበት። ጠሪው ይጠራል፤ ስሙን ግን ነፋሱ ይወስደዋል።

«ይመቸኝ» ብላ ሊድያ ራሷን አወደሰች።

ለእናቴ አሰማናት። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ስምሽ አልወጣም» አለች። ይህ ፈቃድ ነው። እዚያው ላይ የምትጠብቀዋን ሴት እሷ ብትሆንልን ብዬ ጠየቅኳት። ተማሪዎቼ ፊት ያዋርደኛል፣ የምለውን በቃል አልይዝም አለች። ምንም አትዪም፣ ትጠብቂያለሽ ብቻ አልኳት።

«መጠበቅ ከሆነማ እችላለሁ» አለች።

ሰኞ መምህር ምናሴ እንደ ተቀመጡ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። «ቦታውን ማን ነው የሚያየው?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ቆሜበታለሁ።»

ታሪኩን ነገርኳቸው። ደወሉ የት ሄደ ብለው ጠየቁ፤ የለም አልኩ። መንፈሱ መቼ ይታያል አሉ፤ አይታይም አልኩ። እጃቸውን ወደ መነጽራቸው ሲሰዱ አለቀልኝ አልኩ። «የማይታይ ነገር ሰው ያስፈራል ብለሽ ነው?» አሉ።

ሊድያ መልስ እንድሰጥ አልጠበቀችኝም። ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። ውኃው መጣ፤ የወፎቹ ክንፍ መጣ። ከዚያ አባቴ ጠሩ፤ ነፋሱ ወሰደው። ሁለተኛ ጠሩ። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ዝም አለ፤ እኔ ግን ዝምታን ማመን ትቻለሁ። ሊድያ የወደቡን ረጅም ጸጥታ ሳትቆርጥ ትታዋለች። የእኔን አቤት ቆርጣ አውጥታዋለች። ከጸጥታው በኋላ ሦስተኛው መጣ።

«ወለተ…»

«አቤት» አለ አንድ ድምፅ ከኋላችን።

ሁላችንም ዞርን። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እትዬ አደይ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ማን ነው የጠራኝ?» አሉ። ስማቸው ወለተ ማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም፤ አይጠየቅም። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ቢያዝን እንኳ ችግር የለም አላለም።

መምህር ምናሴ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለቅዳሜ ጀልባ ያዢ» አሉኝ።